ጆሮና አዲሶቹ ፒስተኖች

በጋራዡ ሠፈር «የጆሮ ልጅ» ይሏታል። ጆሮ አባቷ ናቸው። ሞተር ሳይፈቱ፣ በማዳመጥ ብቻ ሕመሙን ስለሚያውቁ የወጣላቸው ስም ነው። «ለጆሮ አትዋሽ፣ ሞተርህ ያሳብቅብሃል» ይባል ነበር። አሁን ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍል ተኝተዋል። የልጃቸውን ፊት እንኳ ረስተዋል።

ያልረሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በወጣትነታቸው የገዟት ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል። ልጅየዋ ከመስኮታቸው ሥር ታስነሳታለች። ያ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ሲሰማ ዓይናቸው ይበራል። «ሚሚዬ፣ ቤንዚኑን ቀንሺው እንጂ! ልትገድያት ነው?» ይላሉ። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ልጃቸው ናት። ከጠፋ በኋላ እንግዳ ትሆንባቸዋለች።

አንድ ቀን አንደኛው ፒስተን ተሰነጠቀ።

እዚህ ላይ ስለ ፒስተን ትንሽ ላውጋችሁ፤ ሳወራው አይሰለቸኝም። ፒስተን ሲሊንደር ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል እየሮጠ የእሳቱን ግፊት የሚቀበል ነው። የዚች ሞተር ሳይክል አሮጌ ፒስተኖች ከባድ ብረት ነበሩ፤ እነሱን መሥራት ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የዛሬዎቹ አሉሚኒየም ናቸው። ቀላል ናቸው፣ ሙቀት ቶሎ ያስወጣሉ። ግን አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ያብጣል! ስለዚህ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መሀል የሚተወው ክፍተት ሰፋ ይላል። በድሮው ልክ የገጠመ ሰው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ድርቅ ይልበታል።

ልጅየዋ ይህን ታውቃለች። የሁለቱ ፒስተኖች ክብደት እኩል መሆን ስላለበት ሁለቱንም በአሉሚኒየም ለመተካት ወሰነች። ያረጁትን ሲሊንደሮች ቶርኖ ቤት ሰጥታ በአዲሶቹ ልክ እንዲሰፉ አስደረገች። የፒስተኖቹን ቀለበቶች አንድ በአንድ ለካች፣ ዘይት ቀባች፣ በጣቶቿ እየጨመቀች አስገባች።

«ለአሮጊት ጥርስ መትከል ጀመርሽ?» አላት የጎረቤት ጎሚስታ።

«ድዷ ደህና ነው፣ አንተ ለራስህ እወቅ!» ብላ ሳቀች።

ሞተር ሳይክሏ በመጀመሪያው እርግጫ ተነሣች። ቋ ቋ የለም፤ እንደ ስፌት መኪና ልስልስ ያለ ድምፅ ብቻ። ልጅየዋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«የማን ሞተር ነው?» አሉ አባቷ።

«ያንተው ናት፣ አባባ።»

«የኔማ ታንኳኳለች።» ጆሯቸውን አዘንብለው ቆዩ። «ግን የሠራት እጅ ይባረክ። አንድ ጥፋት የለባትም። ማን ሠራልዎት፣ እመቤት?»

«ልጅህ።»

ፈገግ አሉ። «ልጄ ገና ሕፃን ናት። ስታድግ ነው የምትሠራው።»

አሮጌዎቹ ፒስተኖች ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ ያልተሰነጠቀውም ቢሆን አይመለስም። የሰፋ ሲሊንደር አይጠብም።

አዲስ ፒስተን ደግሞ መጀመሪያ ቀስ ብሎ መለማመድ አለበት። ስለዚህ ሞተሩን አላጠፋችውም። ፊቷን ከመስኮቱ መለሰችና፣ ማንም ሳይነግራት ቤንዚኑን ቀነሰችው።