ከኮኮቹ አጠገብ የነበረው ቢላዋ

መካነ ሰላም ላይ ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ሲወስዱኝ አንድ ሥዕልም አብሮኝ ታሰረ። ከአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ቆርጬ ለተማሪዎቼ የለጠፍኩት፣ ኢምፕሬሽኒስት ከሚባሉት የፈረንሳይ ሠዓሊዎች የአንዱ ሥራ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ አምስት ኮክ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ያለ ቢላዋ። ሌላ ምንም የለበትም።

መርማሪው ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቢላዋውን በጣቱ ነካ።

«ጫፉ ወደ ማን ነው?»

«ወደ ማንም አይደለም።»

«ይቺስ ከሌሎቹ የተለየችው?»

«ኮክ ናት።»

ሰውዬው ሞኝ አልነበረም። እኛ አገር ተረት እንኳ ያለ ፍቺ አይነገርም፤ እሱም እኔም ያደግነው በዚያው ነው። ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር። ሥዕሉን አይታ የሣለች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ሥራዋም እጁ ገብቷል።

«ከሰዓት ፍቺውን ትነግረኛለህ። አለዚያ እሷ ትነግረኛለች» አለኝ።

የታሰርኩበት ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው አሁንም ገብስ ገብስ ይሸታል። መቀመጥ አቃተኝ። ከበሩ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ በሩ። ፍቺ ፈጥሬ ብነግረውስ? ቢላዋው ዛቻ ነው ካልኩ ግን እሷም ዛቻ ሣለች ማለት ነው።

አብረውኝ የታሰሩት ሽማግሌ የከላላ የበቅሎ ነጋዴ ናቸው። «አብሽር መምህር፣ ተቀመጥ። ወለሉን ጨረስከው እኮ» አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን መስኮቱ ሥር ዘረጉና ከቤት የመጣላቸውን ቅቅል ድንች ደረደሩበት።

«እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው አባባ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚታየው?»

ሠዓሊው የሣለው ኮኩን ሳይሆን ኮኩ ላይ ያረፈውን ብርሃን እንደሆነ ነገርኳቸው። ቀለሙን ሳያለሰልስ በብሩሽ ጠብ ጠብ እያደረገ የኮኩን ጸጉር ዓይን እንዲዳስሰው አድርጓል። ጥላውንም ጥቁር አልቀባውም።

«ጥላማ ጥቁር ነው» አሉ። ጎንበስ ብለው የድንቹን ጥላ ሲያዩ ቆዩ። «ወላሂ፣ ሰማያዊ ነው!»

ሁለታችንም ሳቅን። ወዲያው በሩ ተንኳኳና ተጠራሁ።

ተማሪዬ በዩኒፎርሟ ከምርመራው ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቶቿን በእጆቿ ይዛለች።

«ፍቺው?» አለ መርማሪው።

በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ክፍል ውስጥ እንደምቆመው ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማስተማር ጀመርኩ። ብርሃኑ ከግራ እንደሚገባ፣ ማንቆርቆሪያው ብርሃኑን ተቀብሎ ለጨርቁ እንደሚመልስ፣ ጥላው ሰማያዊ እንደሆነ። አላቋረጠኝም።

«ቢላዋውስ?»

«ለመላጥ ነው።»

«ትቀልዳለህ» አለና አስወጣኝ። እሷ ገባች። ዘበኛው ክንዴን ይዞ ሲወስደኝ ከኋላዬ ያንኑ ጥያቄ ሰማሁ።

«ለመላጥ ነው» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

በዚያው ማምሻ ወደ ቤቷ ለቀቋት። እኔ ገብሱ እስኪታጨድ ቆየሁ። ሥዕሉ አልተመለሰልኝም።

አሁንም አስተምራለሁ። ጨርቅ አነጥፌ ድንችና ማንቆርቆሪያ እደረድርላቸዋለሁ። ቢላዋ መጨመር ግን ሁሌ እፈራ ነበር፤ መፍራቴም ያናድደኛል። ባለፈው ሳምንት አስቀመጥኩት። ተማሪዎቹ አቀርቅረው ሣሉ፣ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን ደወሉ እስኪደወል ዓይኔን ከበሩ ላይ አላነሳሁም።