ለሽቦ የተያዘው ወንበር

የሥራ ባልደረቦቹ «ሽቦ» ይሉታል፤ ቅጥነቱም ሥራውም ለስሙ ይመቻል። አዳራሽ ውስጥ የሚሆነውን ካሜራ ይቀርፀዋል፣ እሱ ደግሞ ያንን ምስል ጥርት እንዳለ በኔትወርክ ገመድ ለየክፍሉ ስክሪን ያዳርሳል። የሰው ሠርግ፣ የሰው ስብሰባ፣ የሰው ሽልማት ሲያዳርስ ዕድሜው አለቀ። የራሱን ቤት ጉዳይ ግን ሁሌም በወሬ ነው የሚሰማው። ልጁ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ስትዘምር አልነበረም፤ ስትሸለምም አልነበረም። ወገቡ ተቆርጦ ሲገባ ተኝታ ያገኛታል።

ስለዚህ ከነርስነት ትምህርቷ የምትመረቅበት ቀን ሲቃረብ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው።

«አባዬ፣ የዚያን ቀን እንኳ እንደ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ በል። ስሜ ሲጠራ ዞር ብዬ ላይህ እፈልጋለሁ።»

«ንቅንቅ አልልም፣ የኔ እናት» ሲል ቃል ገባላት።

ዕድል ሲያላግጥ እንዲህ ነው፤ ምረቃው እሱ በሚሠራበት አዳራሽ ሆነ። ፈቃድ ጠየቀ። ዋዜማውን ገመዱን ሁሉ ዘርግቶ፣ ፈትሾ፣ ለተረኛው ባልደረባው አስረከበ። በማግሥቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከባለቤቱ ጎን ተቀመጠ። ጫማው ይጠበዋል፤ ዓይኑ በእንቅልፍ ይከደናል፤ ግን ተቀምጧል።

«ዛሬስ አልለቅህም» አለችው ባለቤቱ ክንዱን ይዛ።

ስም መጠራት ከተጀመረ በኋላ አለቃው አጎንብሶ መጣ። አዳራሹ የሞላባቸው ዘመዶች በታጨቁባቸው የጎን ክፍሎች ምስሉ ደርቆ ቀርቷል፤ ተረኛው መላው ጠፍቶታል።

«ወንድሜ፣ ስክሪኑ ሁሉ ስታክ አድርጓል። አንዴ አይተህልን ተመለስ። ሰዉ በር ሊሰብር ነው።»

ሽቦ ባለቤቱን አያት። ክንዱን ለቀቀችው። ከስድብ የከፋው ይኸው መልቀቋ ነው። እዚያም እናቶች አሉ፣ አባቶች አሉ እያለ ራሱን አባብሎ ተነሳ።

ችግሩን ለማግኘት አልተቸገረም። ገመዶቹ ሁሉ ተሰክተው በሚገናኙበት፣ ስዊች በሚሉት ሣጥን ላይ ትንንሾቹ መብራቶች ሁሉ እንዳበዱ ብልጭ ድርግም ይላሉ። አንድ ገመድ ሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል፤ ምስሉ መውጫ አጥቶ በራሱ ላይ እየዞረ መንገዱን ዘግቶታል። ዋዜማውን ደክሞት ሳይጠቀልላት የተዋት ትርፍ ገመድ ናት።

«ማነው ይቺን የሰካት?»

«እኔ ነኝ» አለች በሩ ላይ የቆመችው የጽዳት ኃላፊ፣ ምስጋና እየጠበቀች። «ቅድም አንዱ ጫፏ ተንጠልጥሎ አየሁት፤ ሰው ይጠለፍበታል ብዬ ቀዳዳ ፈልጌ ከተትኩት።»

ቢቆጣ ደስ ባለው፤ የመቆጣት አቅም ግን አልነበረውም። «ተባረኪ» ብሎ ነቀላት።

ወደ ወንበሩ ሊመለስ አንዱን የጎን ክፍል ሲያቋርጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ የልጁ ስም ተጠራ። ባለበት ቆመ። ቢሮጥም አይደርስም። ደግነቱ ምስሉ ስክሪን ላይ የሚደርሰው ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ ለዚህ መዘግየት ያልሰደበው ደንበኛ የለም። ከወዲያ ጭብጨባው እየተሰማ፣ እዚህ ገና ደረጃውን እየወጣች ነበር።

ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ምስሉ እሱ እንደሚወደው ጥርት ያለ ነው፤ በልጅነቷ ወድቃ አገጯ ላይ የቀረው ጠባሳ እንኳ ይታያል። ወረቀቷን ተቀበለች። ዞር አለች። ዓይኗ ወንበሮቹን ቃኝቶ እናቷን አገኘ፣ ከዚያም ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ከፊቷ ሲጠፋ ሽቦ ምንም አላመለጠውም። ይህን ያህል ጥራት ለማን በጀ!

በዚያ ገመድ ምስል ወዲህ እንጂ ወዲያ እንደማይሄድ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ሕንፃው ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም በማያውቃቸው ዘመዶች መሀል ቆሞ እጁን ወደ ስክሪኑ አነሳ።

«እዚህ ነኝ፣ የኔ እናት» አለ።

ስክሪኑ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ደረጃውን እየወጣች ነበር።