ስማቸውን የጠራሁ ቀን

ባለፈው ከድሬዳዋ ስመለስ አውቶብሳችን ሚኤሶ ላይ ቆመና የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ በመስኮት ገባ። ሌላው ተሳፋሪ ለመግዛት ሲጋፋ እኔ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴትዮ፣ መዳፌን አላበኝ።

አዴ ፋጡማ፣ አዴ በእኛ አገር እናት እንደማለት ነው፣ አሰበ ተፈሪ ገበያ ዳር ኦቾሎኒ ይሸጡ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከበናቸው እንቀመጣለን፤ እሳቸውም ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ቀበሮዋን በቀጭን ጅቡን በወፍራም ድምፅ እያናገሩ ሲተርኩልን፣ ለሽያጭ ያመጡትን ኦቾሎኒ እኛው ጨርሰነው እንነሳለን። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይይዙ ነበር፤ ተረቱን ከማን እንደሰሙት ስም ሳይጠሩ አይጀምሩም። «ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ፣ ተረት ባለቤት አለው፤ ሳትጠሪ ካወራሽው ወላሂ ሌብነት ነው» ይሉኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ከአገሬው ተረት ድራማ እንዲሠራ ታዘዘ። እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ተራኪ ሆንኩና የአዴ ፋጡማን ተረት አመጣሁ፤ ፍየል ጠባቂ ሆኖ ተሹሞ በየቀኑ አንድ አንድ እያጎደለ፣ ሲጠየቅ «ተራራ ወጥታለች» የሚለውን ጅብ። ለጅቡ ቆዳ ብናጣ የአንዱን ልጅ አባት ካኪ ኮት አለበስነው። እግዜር ያውቃል፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረንም።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። መድረክ ላይ ወጥቼ፣ እንደተማርኩት፣ ደረቴን ነፍቼ «ይህን የሰማሁት ከአዴ ፋጡማ ነው» አልኩ። ጅቡ በካኪው ብቅ ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ወዲያው ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። ፊት የተቀመጠው ካድሬ፣ እሱም ካኪ ለባሹ፣ አልሳቀም ነበር፤ ከኪሱ ደብተር አወጣና ጻፈ። አዴ ፋጡማ ከኋላ ቆመው፣ ስማቸው በመጠራቱ ደስ ብሏቸው፣ በሻሻቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

በማግስቱ ወሰዷቸው። እናቴ «ማን ነገረሽ ቢሉሽ አላውቅም በይ» አለችኝ፤ ምን ዋጋ አለው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አልጋ ሥር እገባ ነበር። ለራሴ ይሁን ለእሳቸው የምፈራው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ሮጬ ሄጄ እግራቸው ላይ ስወድቅ ደባብሰው አነሱኝና «አንቺ ምን አጠፋሽ?» አሉኝ። ተረት ንገሩን ብለን ስንለምናቸው ግን ዙሪያቸውን ቃኘት አድርገው «ረሳሁት» ይሉ ጀመር፤ እስኪሞቱም ረሳሁት እንዳሉ ቀሩ።

ከዚያ ሁሉ ተረት ለልጆቼ ያደረስኩት ያችኑ አንዷን ነው። መንግሥት ተለውጧል፤ ካድሬው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ዛሬም ፈሪ ነኝ፤ ፋጡማ ያልኳቸው በእውነተኛ ስማቸው አይደለም።