ከዋርካው እስከ ውሃው

ዝናብ ባባራ ማግስት ጠዋት፣ ከጣና በኩል የሚመጣው የእርጥብ ሣርና የደንገል ሽታ፣ ዳር ላይ በዘይት ከሚጠበሰው ዓሣ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲደርሰኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ተመልሶ ይመጣል፤ ቀኑ እሁድ ይሆናል፤ አባቴም ከፊት ከፊታችን እየተራመደ የዓባይን ድልድይ ሲያሻግረን ይታየኛል።

ቤታችን ዓባይ ማዶ ነበር። አባቴ ፋብሪካ ሥራ ሲያገኝ እናቴን ይዞ ከአሰላ የመጣ ሰው ስለነበር፣ ባሕር ዳር ውስጥ አንድም ዘመድ አልነበረንም፤ ስለዚህ የጎረቤት ልጆች እሁድ እሁድ አክስቶቻቸውን ሊጠይቁ መሸንቲና አንበሳሜ ሲሄዱ፣ እኛ ሐይቁ ዳር ወዳለው መናፈሻ እንሄድ ነበር። እናቴ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በዘንቢል ትይዛለች፤ ወንድሜ ዮናስ ኳሱን ይሸከማል፤ እኔ ደግሞ የጓደኛዬን የሰሚራን እጅ እይዛለሁ። ሰሚራ የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ልጅ ነበረች፤ እናቷ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ስላላቸውና እሁድም ስለማይዘጉ፣ ለአባቴ አደራ ሰጥተው ከእኛ ጋር ይልኳት ነበር።

መናፈሻው ውስጥ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። አባቴ እዚያ ሥር ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ «ተዘጋጁ!» ይልና ሁላችንም እስከ ውሃው ጠርዝ እንሽቀዳደም ነበር። መጨረሻው ላይ እግሩ የተደናቀፈ መስሎ ያስቀድመናል፤ እኔም አባቴን የምበልጥ ሯጭ እንደሆንሁ አምኜ፣ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለዚያው አወራ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ጣሪያችን ያፈስ ጀመር። አባቴ ቆርቆሮውን ሊመታ ወጥቶ፣ ከእርጥቡ ጣሪያ ላይ ተንሸራቶ ወደቀና ጭኑ ተሰበረ። ክረምቱን ሙሉ ተኛ። ጄሶው ሲፈታ ግራ እግሩ ቀጥኖ፣ አጠር ብሎም ነበር፤ ሐኪሙ በክራንች በየቀኑ እንዲራመድ፣ ካልተራመደ ግን ጉልበቱ እንደ ደረቀ እንደሚቀር ነገረው። አባቴ ከበር አልወጣም አለ። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ እያዳመጠ ይውላል፤ ዮናስ ኳስ ሲያነጥር ይቆጣል። ከዚያ በፊት ተቆጥቶን አያውቅም ነበር።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ እናቴ ወደ ሐይቁ እንሂድ ብላ ለመነችው። «ሰው ሁሉ እያየኝ?» አላት። ይህን ሰምተው ነው መሰለኝ፣ አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘይነባ ሰሚራን ይዘው ቤታችን መጡ።

«ጋሼ ደረጀ፣ ዛሬስ እግርዎን ልጠይቅ አልመጣሁም» አሉት ገና ሳይቀመጡ። «ይህች ልጅ እሁድ በመጣ ቁጥር ታለቅስብኛለች። ለእርስዎ ነበር አደራ የሰጠሁት።»

«እትዬ ዘይነባ፣ እንዴት አድርጌ? ያዩኛል እኮ!»

«አየሁዎት እንጂ። ይሩጡ አላልሁዎትም፤ ቁጭ ብለው ይጠብቁልኝ። ነገ ጠዋት ባጃጅ በር ላይ ይቆማል፤ ተናግሬ ነው የመጣሁት።»

አባቴ እሳቸውን እምቢ ማለት አልቻለም።

በመጀመሪያው እሁድ ከመናፈሻው በር እስከ ቅርቡ አግዳሚ ወንበር ብቻ ተራምዶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ውሃ ውሃውን ሲያይ ዋለ። በሁለተኛው ትንሽ አለፍ አለ። ጥቅምት ላይ ግን የፈራው ነገር ደረሰ። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ መጥተው፣ ሚዜዎቹ ከበሮ እየመቱ ሲጨፍሩ፣ አባቴ በአጠገባቸው ሊያልፍ ሲል ክራንቹ እርጥብ ሣር ላይ ተንሸራተተና እመሬት ተዘረጋ። ከበሮው ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ሁለት ሚዜዎች ሮጠው ደግፈው አነሱት። ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷ ጭቃ ሲነካው ግድ ሳይሰጣት፣ ጎንበስ ብላ ክራንቹን አንስታ አቀበለችው።

«ተጎዱ እንዴ አባባ?»

«ምንም አልሆንኩም ልጄ፤ ደስታችሁን አቋረጥኩባችሁ እንጂ።»

«እንግዲያው ይመርቁንና እንቀጥላለን» አለችው እየሳቀች።

አባቴ ቀና ብሎ ቆመ፤ ልብሱ ላይ ሣር እንደተጣበቀ፣ «ውለዱ፣ ክበዱ! ቤታችሁ ሳቅ አይጣ!» አላቸው። ሁሉም «አሜን!» ሲሉ ከበሮው እንደገና ተመታ፤ አባቴም ክራንቹ ላይ ተደግፎ ትከሻውን ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ሲያደርግ እልልታው ቀለጠ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የሚለምነው ሰው አላስፈለገም። ኅዳርን በሁለት ክራንች፣ ታኅሣሥን በአንድ፣ ጥርን ደግሞ በከዘራ ተራመደ። በጥር አንድ እሁድ ዋርካው ሥር ቆሞ ጫማውን አወለቀና «ተዘጋጁ!» አለ። ዮናስና ሰሚራ ተፈተለኩ። እኔ ግን አባቴ እያነከሰ ከኋላዬ ሲመጣ ሰምቼ፣ አንጀቴ አልችል ብሎ እግሬን ሆን ብዬ ጎተትሁ።

«ሰብለ!» ብሎ ጮኸብኝ። «እንዳታታልዪኝ! በደንብ ሩጪ!»

ባለ በሌለ ኃይሌ ሮጥሁ። ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቼ ስዞር፣ አባቴ ገና መሃል ላይ ነበር፤ ፊቱ ቀልቶ፣ ከዘራውን እንደ ባንዲራ እያውለበለበ፣ እየሳቀ ይመጣ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ቀደምሁት።

አሁን እኔም የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሐይቁ ዳር የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፤ ወንበሩ በዝቷል፤ ልጆቼ ከመሮጥ ይልቅ ስልክ ይዘው ወፎቹን ፎቶ ማንሳት ይወዳሉ። ያን ጊዜ እሁድ በራሱ ጊዜ የሚመጣ፣ ማንም የማይደክምበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳምንቱን በሥራ ተንገላትቼ ስነቃ፣ የአገሩ ወሬም ልብ ሲያከብድና ከቤት መውጣት ሲያስጠላ፣ ወላጆቼ በየሳምንቱ ምን ያህል ይበረቱ እንደነበር ይገባኛል። አንዳንድ እሁድ ዛሬስ ይቅርብን ብዬ ብርድ ልብሱን እስባለሁ። ይሄኔ ስልኬ ይጮሃል፤ አባቴ ነው።

«እስካሁን ተኝታችኋል?» ይለኛል። «ፀሐዩ ሳይበረታ ልጆቹን ይዘሽ ነይ እንጂ፤ እኔ ዋርካው ሥር ደርሻለሁ።»