ሳልለካው ያለፈው ዝናብ

በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ከለየሁ ወዲህ ለቁም ነገር የጻፍኩበት ደብተር አንድ ብቻ ነው፤ የዝናብ ደብተር።

ደሴ፣ ከቤቴ በላይ ያለው ዳገት መሰንጠቅ ሲጀምር የመሬት አጥኚዎች መጡና ዳገቱ ሥር ከተጠጋው ከጎረቤቴ ደጅ ሲሚንቶ አፈሰሱ። እኔና እሱ አብረን ነው ያረጀነው፤ እሱ ከመስጊድ፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ተጠባብቀን እንወጣለን። አንዲት ባለሙያ በየወሩ መጀመሪያ ኮምቦልቻ የማይሰምጥ ቋጥኝ ላይ ትለካለች፤ ከዚያ የሐረጎን መንገድ ወጥታ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ትለካለች። የምትለካበት ዕቃ ባልዲ ያህላል። መሬት ምን ያህል ወደ ታች እንደሚስብ ይናገራል አለችን። መሬቱ ከሰመጠ ስበቱ ይጨምራል፤ አፈሩ ውሃ ከጠጣም እንደዚያው ይጨምራል።

"ከልኬቴ ላይ የውሃውን መቀነስ አለብኝ፤ ዝናቡን በየጠዋቱ እርስዎ ይለኩልኝ፣ አባባ" ብላ ምልክት ያለበት የፕላስቲክ ዕቃ አጥሬ ላይ አሰረች። አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እደፋዋለሁ።

ነሐሴ ላይ የእህቴ ባል ቦሩ ሜዳ አረፈ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጬ ስመለስ የዝናቡ ዕቃ እስከ አፉ ሞልቶ ይፈስሳል። ስንት እንደፈሰሰ ማን ያውቃል? አፍሬ የመጨረሻውን ምልክት ጻፍኩ።

ባለሙያዋ መጥታ ለካች፣ ደብተሬን አየች፣ አሰላች። ፊቷ ተለወጠ። "ስበቱ ጨምሯል፤ ውሃው ይህ ብቻ ከሆነ ቀሪው መስመጥ ነው። ይውጡ" አለችው ጎረቤቴን።

"ወላሂ፣ ባልዲ ከቤቴ ሊያስወጣኝ!" እያለ ይስቃል፤ ግን ቆርቆሮውን መንቀል ጀመረ። ሚስቱ ገራዶ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ዕቃ ታስራለች።

ሰው በእኔ ውሸት ጎጆውን ያፍርስ? በማግስቱ ለባለሙያዋ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ስሌቷን ደግማ አየች።

"የፈሰሰው ብዙ ከሆነ፣ ጭማሪው ሁሉ ውሃ ነው። ትንሽ ከሆነ መሬቱ ሰምጧል።"

"የቱ ነው ታዲያ፣ ልጄ?"

"አላውቅም፣ አባባ። እኔ ብሆን ግን እወጣ ነበር።"

ሁለቱንም ለጎረቤቴ ነገርኩት። እሱ የሰማው "አላውቅም" ያለችውን ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ዝናብህ ሞልቶ ፈሰሰና እኔን ጣራ አስነቀልከኝ!" ብሎ ሳቀብኝ። ቆርቆሮውን መልሶ መታው። ሚስማር ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ፣ ረፋድ ላይ፣ ዳገቱ ተናደ። ሚስቱ ገበያ ነበረች። እሱን ከቆርቆሮው ሥር አወጣነው።

ሦስቱን ቀን ከለቅሶው አልተለየሁም፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ወደ አጥሬ ሄጄ እመለሳለሁ። "በዚህ ቀን ዝናብ ይለካል!" ሲሉ ለቀስተኞቹን ሰማሁ። በሦስተኛው ጠዋት ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝ።

"ዛሬስ ስንት ነው?" አለች።

"አንድ ምልክት አይሞላም" አልኳት።

ፊቷን አዞረች።