የሊጡ ቪዲዮ

ዳቦ ጋጋሪዋ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ጓደኞቿን ለማሳቅ ብላ፣ ሊጥ ላይ የምትተፋ መስላ ቪዲዮ ለቀቀች። ጠብ ያለ ምራቅ አልነበረም፤ «እንትፍ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። በማግስቱ ብታጠፋውም አገር ምድሩ ተቀባብሎት ነበር። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሏት እናቷ። ከአፏስ ምን ወጣና!

ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሙያዋ እጅ ያስቆረጥማል፤ ሊጡን በጣቷ ነካ አድርጋ ብቻ መድረሱን ታውቃለች። ቀጥሮ የሚያቆያት ግን የለም። ማስረዳቱም ከሰለቻት ቆይቷል።

ዛሬ ጠዋት አንድ አዲስ ዳቦ ቤት ለፈተና ጠርቷት አቡክታ ጋገረች። ባለቤቱ አንዱን ዳቦ በልቶ ሁለተኛውን ደገመ። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ! በቃ፣ ነገ ሥራ ጀምሪ» አላት።

ከዚያ ለማንኛውም ብሎ ስሟን ስልኩ ላይ ፈለገ። ያ «እንትፍ» ከነልጅነት ሳቋ ቤቱን ሞላው። «ውሸት እኮ ነው፣ ጋሼ» ልትል አፏን ከፈተችና ደከማት። ሽርጧን መፍታት ጀመረች።

ሰውዬው ወደ ቧንቧው ሄደ፤ አፉን ተጉመጠመጠና እንትፍ አለ። የእሱ የምር ነበር።