ምርቃት ሆኖ የሄደው ወንድሜ

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ብየዳ ቤት አለ። ባለቤቱ የታላቅ ወንድሜ አብሮ አደግ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ሳልቆም ቤት አልገባም ነበር፤ ወንድሜ ከልምምድ መልስ የሚገኘው እዚያ ነውና። ወንድሜ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ያኔ ደመወዝ ከፍሎ የሚያጫውተው የከተማችን ክለብ ነበር።

የብየዳ ቤቱ በረንዳ ላይ ችሎት ይዋል ነበር ማለት እችላለሁ። ጉዳዩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ክለቦች ተጫዋች ሲለዋወጡ ማን አተረፈ፣ ማን ተበላ? ወሬው በቴሌግራም ይመጣል። በያጁ የዓይን መከላከያውን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወዲያው ይፈርዳል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጓደኛቸው ደግሞ ተሳፋሪውን ትቶም ቢሆን ያንን ፍርድ ለመቃወም ይመጣል።

«ተበሉ! እንዲህ ያለ አስቆጣሪ ሰጥተው ሁለት ጡረተኛ ተቀበሉ» ይላል በያጁ።

«አንተ ነጥብ ብቻ ነው የምታየው። ማን ይከላከልላቸው? ያንተ መስኮት?»

«መስኮቴን ተወው። ካንተ ባጃጅ ይሻላል፤ ቢያንስ ሲዘጉት ይዘጋል።»

ሲደክማቸው ሁለቱም ወደ ወንድሜ ይዞራሉ። እሱ ቶሎ አይፈርድም። ስልኩን ተቀብሎ የተጫዋቾቹን ቪዲዮ ይከፍትና አውራ ጣቱን ኳሱ ላይ ያደርጋል። ኳሱ በሄደበት ሁሉ ጣቱም ይከተላል፤ ኳሱ እንዳይታይ። መጀመሪያ ሳየው የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። «ኳስ ዓይን ይሰርቃል» አለኝ። «ኳሱን ሸፍኚውና ሌሎቹ ምን እንደሚሠሩ እዪ። የሚጠቅመውን ሰው ያኔ ታገኚዋለሽ።» እኔም እንደ እሱ መሞከር ጀመርኩ። በጣም ከባድ ነው። ዓይኔ ሁልጊዜ ወደ ኳሱ ያመልጣል። እሱ ግን ሙሉ ጨዋታ እንዲያ አድርጎ ማየት ይችል ነበር።

በእነዚያ ልውውጦች ውስጥ ብዙ ጊዜ ማንም ስሙን የማያነሣው ተጫዋች አለ። ሁለቱ ክለቦች በዋናዎቹ ተጫዋቾች ከተስማሙ በኋላ ሚዛን እንዲሞላ ተብሎ የሚታከል ነው። የባጃጁ ሹፌር እንዲህ ያለውን ተጫዋች «ምርቃት» አለው፤ ስሙም በረንዳው ላይ ጸና። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ተመዝኖ ካበቃ በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ስንላት ሻጯ ጣል እንደምታደርጋት አንዲት ሽንኩርት ማለቱ ነው። ሁላችንም እንስቅ ነበር። ወንድሜ ግን «እሱም ሻንጣውን አዝሎ ነው የሚሄደው» ይላል።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ የእኛ ክለብ ከሱሉልታው ክለብ ጋር ተለዋወጠ። የእኛዎቹ ጎበዝ አስቆጣሪያቸውን ሰጥተው የሱሉልታን ረጅም ተጫዋች ፈለጉ። ሱሉልታዎች ትንሽ ጨምሩበት አሉ።

የዚያን ዕለት ወንድሜ የመጫወቻ ጫማውን በክሩ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ መጣና ገና ያልተቀባ የበር ፍሬም ላይ ተቀመጠ።

«ሰማህ አይደል?» አለው የባጃጁ ሹፌር። «እኛንም እንደ አሜሪካ አደረጉን እኮ! እስቲ ፍረድ፤ ማን አተረፈ?»

«ረጅሙ ይጠቅማቸዋል» አለ ወንድሜ። «ለሱሉልታ ደግሞ አስቆጣሪው ላይ አንድ ሰው ጨምረውላቸዋል።»

«ምርቃቱ ማነው?»

«እኔ።»

በያጁ መቁረጫውን አጠፋ። የባጃጁ ሹፌር ከተማዋን ዛሬ የፈጠሯት ይመስል መንገዱን ማየት ጀመረ። ወንድሜ ተነሥቶ ጫማውን ግድግዳው ላይ መዶሻና ጉጠት ከሚሰቀሉበት ሚስማር ላይ ሰቀለው።

«አልሄድም» አለ። «ከእንግዲህ አልጫወትም። ብየዳ ታስተምረኛለህ?»

በያጁ አልቀለደም። «አስተምርሃለሁ» ብቻ አለ። እኔ ጫማውን አየሁ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ከኳስ ሌላ ሥራ ተመኝቶ አያውቅም። ጫማው እዚያ ከዋለና ካደረ እንደማይወርድ ገብቶኝ ነበር፤ ምን ብዬ እንደማወርደው ግን አላወቅሁም።

በረንዳው ጥግ ላይ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከአዲሶቹ ቤቶች ጀርባ የቀረች መሬታቸውን አሁንም የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም በኦሮምኛው የአክብሮት መጠሪያ ኦቦ እንላቸዋለን። ማረሻቸው እስኪበየድ ይጠብቁ ነበር። ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳቸዋል። ሁሉም ሰው በአንዴ ዝም ማለቱ ግን አላመለጣቸውም።

«ማል ታኤ?» አሉ። «ልጁ ምን ሆኗል?»

የባጃጁ ሹፌር በድንጋጤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ጮኸ፦ «ሱሉልታ ሂድ ተብሏል፣ ኦቦ! ምርቃት ሆኖ!»

«ምርቃት?» አሉ ኦቦ፤ ፊታቸው በራ። «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? መንገደኛ ሳይመረቅ ይሄዳል እንዴ? ተነሡ!»

ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሽማግሌ ሊመርቅ ሲቆም ቁጭ የሚል የለም። በያጁ የእጅ ጓንቱን አወለቀ። የባጃጁ ሹፌር ኮፍያውን አነሣ። ወንድሜም አንገቱን ደፍቶ መዳፎቹን ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ።

«ሂድ፣ በሰላም ግባ!»

«አሜን!»

«የሄድክበት አገር ይቀበልህ!»

«አሜን!»

«እግርህን እንቅፋት አይምታው! ከፊት ያሉት ያስጠጉህ፣ ከኋላ ያሉት ይከተሉህ!»

«አሜን!»

«ነጋን ገሊ! በሰላም ተመለስ!»

የመጨረሻውን አሜን ከሁሉ ጮክ ብሎ ያለው የባጃጁ ሹፌር ነበር። ኦቦ የወንድሜን ራስ ወደ ራሳቸው ዝቅ አድርገው ግንባሩ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉበት፤ ለቁመቱ በጣም መንጠራራት ነበረባቸው። ከዚያ ማረሻቸውን ተቀብለው ሄዱ።

«ሮጬ ልንገራቸው እንዴ?» አለ የባጃጁ ሹፌር። «በሌላ ነው የተረዱት።»

«ምን ልትላቸው ነው?» አለ ወንድሜ። «ተሳስተው ነው የመረቁኝ፣ መልሰው ይውሰዱት?» የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። በያጁም ሳቀ። ወንድሜ ግን ጫማው ወደተሰቀለበት ሚስማር ዞረ። «ኦቦ በየቀኑ በዚህ ያልፋሉ» አለ። «መርቀው ሸኝተውኝ ነገ ጠዋት እዚሁ ብረት ስቆርጥ ሊያገኙኝ ነው?»

ከዚያ ጫማውን ከሚስማሩ አወረደ።

ሱሉልታ ሜዳ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየ። ስልክ ስንደውልለት ስለ ተቀያሪዎች ወንበርም ሆነ ስለ ብርዱ አያማርርም። ጠዋት ጠዋት እዚያ የሚሠለጥኑት የረጅም ርቀት ሯጮች ሲወጡ አብሯቸው እንደሚወጣ ነገረኝ። «ከኋላ ሆኜ እከተላቸዋለሁ። እነሱ ለማሟሟቅ የሚሮጡትን እኔ እንደ ውድድር ነው የምሮጠው» አለና ሳቀ። ምርቃት ተብሎ የተሰጠ ሰው እንዲህ ተግቶ ሲነሣ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ትምህርቱ ሲከብደኝ ብዙ ጊዜ ያን ሩጫ አስባለሁ።

የእኛ ክለብ ሱሉልታ ሄዶ የተጫወተ ዕለት በያጁ፣ የባጃጁ ሹፌርና እኔ አብረን ሄድን። ከአስኮ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ በሱሉልታ ታክሲ እንጦጦን ተሻግረን ስንወርድ ነፋሱ ጆሯችንን ቆረጠው። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ ተመልካቹ ዙሪያውን ቆሟል። ወንድሜ ከመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች አልነበረም። ተቀይሮ ሲገባ የባጃጁ ሹፌር ራሱን መቆጣጠር አቃተው።

«ምርቃት! ና ምርቃት!» ብሎ ጮኸ። ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ንክሻ ነበር።

አጠገባችን የቆሙት የሱሉልታ ልጆች ዞር ብለው አዩት። አንደኛው ለጓደኞቹ በኦሮምኛ «ኤባ ነው የሚሉት» አላቸው። ኤባ ምርቃት ነው፤ ቃሉ ግን የሽማግሌውን ምርቃት ብቻ ነው የሚለው እንጂ ሽንኩርት ላይ የሚታከለውን አይጨምርም። ልጆቹ «ኤባ! ኤባ!» ማለት ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ያ የሜዳው ወገን በሙሉ ተቀበላቸው። በያጁ የባጃጁን ሹፌር በክርኑ ጎሸመው። «እሰይ! ኦቦ በሌላ ነው የተረዱት ስትል ነበር። አሁን የከተማውን ሕዝብ በሙሉ ሄደህ አርም!»

እኔ አውራ ጣቴን አንሥቼ ኳሱ ላይ አደረግሁ።

ኳሱ ሲሸፈን ወንድሜ ታየኝ። የእኛን ረጅም ተጫዋች ሊቆምበት ከሚፈልገው ቦታ ቀድሞ እየደረሰ ይከለክለዋል። ለአስቆጣሪያቸው መንገድ ለመክፈት ደረቱን ይሰጣል። ታናናሾቹ ሲሳሳቱ በጣቱ ቦታቸውን ያሳያቸዋል፤ አይቆጣም። ሌሎቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያለከልኩ እሱ አሁንም ይሮጣል። ከሯጮቹ ጋር የሮጠው በእግሩ ላይ ይታይ ነበር። ኳስ ያልነካባቸው ደቂቃዎች ከነካባቸው ይበልጣሉ፤ ዓይኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኳሱ አላመለጠም።

ጨዋታውን የእኛ ክለብ በጥቂት ነጥብ አሸነፈ። በያጁ «አተረፍን! አላልኩም?» እያለ ዘለለ። የባጃጁ ሹፌር ግን ለአንዴ አልተከራከረውም፤ ወደ ሱሉልታ ወገን ያይ ነበር። እዚያ አሰልጣኙ የወንድሜን አንገት አቅፎ የሚመጣውም ዓመት እዚሁ እንደሚሆን ሲነግረው ሰማን። ወንድሜ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ላቡን እየጠረገ ወደ እኛ መጣ።

«እሺ፣ ዳኛው» አለው በያጁ። «ፍርድ ስጠን። ማን አተረፈ?»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ፤ እንደ ልማዱ አልቸኮለም። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ነገ ኦቦን ታገኚያቸዋለሽ?» አለኝ።

«አዎ፤ በብየዳ ቤቱ በኩል ያልፋሉ።»

«በሰላም ገብቷል በያቸው።»